ጾም ያስገደፈው ደወል

ጥር 6 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ባቡሩ ከድሬዳዋ ተነሣ። ባለቤቴ ለመንገድ ሥራ ወደ ጎንደር ተዛውሮ ቀድሞን ሄዶ ነበርና፣ እኔም የአራት ዓመት ልጄን ሶስናን፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ክንድ የማይሞላ የሐዲድ ቁራጭ ይዤ በአዲስ አበባ በኩል ተከተልሁት። "ብረቱን ምን ልትሠሪበት ነው?" ብላችሁ የሣቃችሁብኝ እኅቶቼ፣ መልሱ ይኸውላችሁ።

ቁስቋም ሥር ቤት ተከራየን። እናንተ ዘንድ በዚህ ወር በረንዳ ላይ ይተኛል፤ እዚህ የጠዋት ውኃ ጥርስ አለው። ፓፓያ ይኖር እንደ ሆነ ብጠይቅ፣ ባለሱቁ የሰው ስም መስሎት በትሕትና "የት ሰፈር ነው የሚኖሩት?" አለኝ። ከሁላችን ግን ሶስና ባሰባት፤ ከደረስንበት ዕለት ጀምሮ ከእኔና ከአባቷ በቀር ለማንም ቃል አልተነፈሰችም። የመንግሥት ትምህርት ቤት በዕድሜዋ አይቀበላትም። የኔታ ዘንድ ብወስዳት ቀሚሴን ጨምድዳ አልለቅም አለች፤ ይዣት ተመለስሁ። እንግዲያስ ራሴ በቤት አስተምራታለሁ አልሁ። በዩኒቨርሲቲ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ያጠናሁት የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር።

አልበቃኝም። ሽምብራ እንድትቆጥር ብሰጣት በላችው። በጭቃ ፊደል እንድትቀርጽ ብሰጣት ለድመቷ ምሳ ሠራችበት። "ተቀመጪ" እያልሁ መለመኑ ሲታክተኝ ብረቱ ትዝ አለኝ። የድሬዳዋው ቤታችን ለጣቢያው ቅርብ ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለው የሐዲድ ደወል በተመታ ቁጥር ሶስና አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ባቡር መጠበቅ ልማዷ ነበር። ብረቱን ከግቢው ወይራ ላይ አንጠልጥዬ በመዶሻ መታሁት፤ ሮጣ ገብታ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች! "ሀ"ን ከ"ለ" ያለ ልመና ለየች። ከደስታዬ ብዛት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ለትምህርቱ መዝጊያ ይበልጥ ጠንከር አድርጌ ደገምሁት።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። የዚህ አገር ጿሚ እህል የሚቀምሰው ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ወጥቶ የቁስቋም ደወል ሲሰማ ነው። ዕለቱም ደመና ስለ ነበር፣ ፀሐይን አይቶ ሰዓት የሚለይ አልተገኘም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እውነተኛው ደወል ሲደወል፣ አከራያችን አያ ፈንታ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይን በራችን ላይ ቆሙ።

"ዛሬ ስንቴ ነው የሚቀደሰው?"

"ምነው አያ ፈንታ?"

"ምነው ትለኛለች! ሽሮዬን በልቼ፣ ጠላዬን ጠጥቼ፣ አንድ እንቅልፍ ተኝቼ ተነሣሁ። ከልጅነቴ የጠበቅሁትን ጾም ባንድ ብረት አስገደፍሽኝ!"

ባለቤታቸው እማማ ላቀች ከኋላ ሆነው፣ "እኔስ ገና ነው ብዬህ ነበር። የሰማው ሆድህ ነው፤ ጆሮህማ እኔ ስጠራህም አይሰማ" አሉ።

"ደወሉ ለትምህርት ነበር" አልሁ።

"የታለ ተማሪው?"

ከቀሚሴ ኋላ የተሸሸገችውን ሶስናን አሳየኋቸው።

"ለዚች ጭብጥ ለማትሞላ? ልጄ፣ ፊደል የሚያስቆጥር የኔታ ነው፤ እናት የምታስተምረው ጉድ አልሰማሁም። ወይ ለየኔታ ስጫት፣ ወይ ቤቴን ልቀቂ። ነገ ጠዋት የንስሐ አባቴን ይዤ እመጣለሁ።"

ቤት መፈለጉስ ይቻል ነበር። ያቃተኝ ያን የጨመደደ እጅ ከቀሚሴ አላቅቆ ለሌላ ሰው መስጠቱ ነው።

በማግሥቱ ቄሱ መጡ። ብረቱን በመቋሚያቸው ነካ አድርገው አዳመጡ።

"ሸጋ ድምፅ አለው" አሉ። "እውነቱን ልናገር? ትናንት እኔም ልቀምስ እጄን ታጥቤ ነበር። ኋላ 'ቆይ፣ ማን ቀድሶ ነው የወጣው? የዛሬው ቀዳሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?' ብዬ ነው የዳንሁት።"

ፍርዱ ተሰጠ፦ ለአያ ፈንታ ስግደት፣ ለብረቱ እስከ ፋሲካ ዝምታ፤ ድምፅ የሌለው ትምህርት ማንንም አያስገድፍምና ይቀጥል።

"ረስታ ብትመታውስ? ማን ይነግረኛል?" አሉ አያ ፈንታ።

"እኔ እነግርዎታለሁ" አለች ሶስና፣ ቀሚሴን ለቃ።

ያን ጠዋት የተወሰነው ይኸው ነው፦ ትምህርት በዘጋን ቁጥር ብቻዋን ግቢውን ተሻግራ "አያ ፈንታ፣ ትምህርት አልቋል፤ ጾሙ ግን አላለቀም" ትላቸዋለች። እኔም ብረቱን በጋቢ ጠቀለልሁት። ለፋሲካ አንድ ጊዜ እንድመታው ተፈቅዶልኛል፤ ያን ዕለት እኔው ራሴ እንደ ሶስና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ወደ እናንተ የሚወስደኝን ባቡር ብጠብቅ አትፍረዱብኝ።