ሁለቴ የሚመታው ቁልፍ

ሥርጉት ካሳሁን ሥራዋ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚነኩ ቁልፎችን መንደፍ ነው። «ቁልፍ መሳልም ሥራ ሆነ?» እያሉ የሰፈር ሰዎች ይቀልዱባታል። እሷም ትስቅ ነበር፣ ያ ነገር እስኪደርስ።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት አቃቂ በሰቃ ያለ አንድ ፋብሪካ ጨርቅ የሚዳምጡትን ሮለሮች በኮምፒውተር ላሠራ ብሎ ስክሪኑን ለእሷ ሰጣት። እነዚያ ሮለሮች ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁት ደግሞ አባቷ ጋሽ ካሳሁን ናቸው። ደስታዋን አትጠይቁኝ! ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ብላ ማስነሻና ማቆሚያውን አንድ ቁልፍ አደረገቻቸው፤ ሲነኩት ያቆማል፣ ደግመው ሲነኩት ያስነሣል። አምሮ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ማማሩ አዘናጋት።

በሙከራው ቀን ኃላፊዎቹ ከረባታቸውን አስረው ቆመዋል። ጋሽ ካሳሁን ጨርቁን ሲያቃኑ የሽርጣቸው ጫፍ ሮለሮቹ መሐል ገባ። በግራ እጃቸው ሽርጡን ይዘው፣ በቀኙ ስክሪኑን መቱት፤ ቆመ። ወዲያው ደገሙት፤ ተነሣ።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ!»

ማን ይስማት! የድሮው ማሽን ማቆሚያ ደረቅ ስለነበር፣ ሁለቴ ካልመቱት አይሰማም ነበር። ያን የለመደ እጅ አሁንም ሁለቴ መታ። ሽርጡ ግራ እጃቸውን እየጎተተ ገባ። ሥርጉት ከፊቷ የቆመውን ኃላፊ ገፍትራ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አወረደችው። ፋብሪካው ጸጥ ሲል የአባቷ ሁለት ጣቶች ተጨፍልቀው ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ስብሰባ ተጠራ። «አንዴ ይንኩ ተብሎ ተነግሯቸዋል፤ ጥፋቱ የሳቸው ነው» አለ አንዱ።

«የኔ ነው» አለች ሥርጉት። «ያሳደገኝን እጅ ሳላይ ነው የሳልኩት።»

እንደገና ሠራችው። ማቆሚያው መዳፍ የሚያህል ቀይ ቁልፍ ሆነ፤ መቶ ጊዜ ቢመታም ከማቆም በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ማስነሻው ርቆ ሌላ ጥግ ተቀመጠ።

ለመሞከር ማንም አልደፈረም። ጋሽ ካሳሁን በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መጡ። ሮለሮቹ ይዞራሉ። ቀኝ እጃቸውን አነሡ። መቱት፤ ቆመ። አንዴ ይበቃቸው ይሆን? አልበቃቸውም፤ ደገሙት።

ሮለሮቹ ንቅንቅ አላሉም። አባቷ ዞር ብለው አዩዋት።

«አሁን ሰማኝ» አሏት።