የጡሜ ላም

ጮማ ትኩስ ብረት ድስት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ፣ ከጎረቤትም ይምጣ ከመንገድ ዳር ሥጋ ቤት፣ ሌላው ሰው ሲሰማው ምራቁን ይውጣል፣ እኔ ግን ጥርሴን እነክሳለሁ። ሰዎች ሥጋ የማልወድ ይመስላቸዋል። እወዳለሁ። የምጠላው አንድ የፋሲካ ጠዋት ነው፤ ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር ነገሌ ያለው ቤታችን፣ የእናቴ ሳቅና የጡሜ ፊት አብረው ይመጡብኛል።

እናቴ አስካለ ምግብ የምትወድ ሴት ነበረች። ይህን ስል እያማኋት አይደለም፣ ራሷም የምትኮራበት ነገር ነበር። ነገሌ ገበያ ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ዱቄትና ጥራጥሬ ትሸጥ ነበር፤ ሰርግ ሲኖር ወጥ ለመሥራት ትጠራ ነበር፤ አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ክብረ መንግሥትና ሻሸመኔ እያለ ወር ሙሉ ስለሚጠፋ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ነበረች። በዚያ ሁሉ ሩጫ መሃል ግን ለመብላት ጊዜ አጥታ አታውቅም። ወጡን በማማሰያ ጨልፋ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ልሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ደንበኛ ሱቅ ደጃፍ ላይ እየጠበቃት ቢሆን እንኳ ጣዕሙ እስኪያልፍ ድረስ ትቆም ነበር። ሩዝ በፍየል ሥጋ ስትሠራ ሽታው እስከ አስፋልቱ ስለሚደርስ ጎረቤቶቻችን ሰበብ ፈልገው ይመጡ ነበር፣ እሷም ማንንም ሳታጎርስ አትሸኝም ነበር።

ከምግብ ቀጥሎ የምትወደው ርካሽ ነገር ነበር። ረክሶ የተገዛ ነገር በምላሷም የሚጣፍጣት ይመስለኛል። ገበያው ሊበተን ሲል እኔን ዘንቢል አስይዛ ትወጣና፣ ሳይመሽባት ቤቷ ለመግባት የቸኮለችውን ሽንኩርት ሻጭ፣ ፓፓያው በፀሐይ መለስለስ የጀመረበትን ሰውዬ እየመረጠች፣ ዋጋ ትጠራለች፣ ፊቷን ታጠቁራለች፣ ጥላ ትሄዳለች፣ ጥግ ላይ ቆማ ታያቸዋለች፣ ከዚያ ተመልሳ በግማሽ ዋጋ ትወስዳለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ መሬት መሬት አይ ነበር። ዓይነ አፋር ነበርኩ፤ ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ የሚመልስልኝ ሌላ ሰው ነበር። እናቴ ለሻጮቹ እያሳየችኝ ትስቅ ነበር።

«ይቺን ብልክማ ዘንቢሉንም መርቃላችሁ ነው የምትመጣው።»

ጡሜ እኛ ቤት የገባችው አራተኛ ክፍል ስንጀምር ነበር። አባቷ ኦቦ ገልገሎ በሊበን ገጠር ከብት አርቢ ነበር፤ እነሱ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ከሦስተኛ ክፍል ስለማያልፍ ልጁን እኛ ዘንድ አስቀምጦ፣ ለምግቧና ለማደሪያዋ በየገበያው ቀን አንድ ጮጮ ወተት፣ አንዳንዴም ቅቤ ያመጣ ነበር። ጮጮው በጭስ የታጠነ፣ ክዳን ያለው የቦረና የወተት ዕቃ ነው፤ እናቴ ገና ሳትከፍተው ታሸተው ነበር። ጡሜና እኔ አንድ ፍራሽ ላይ እንተኛ ነበር። አስተማሪ ሲጠይቀኝ አንገቴን ስደፋ እሷ እጇን ታወጣልኝ ነበር፤ ሒሳብ ላይ የሚቀድማት አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ሚኒስትሪ ትፈተናለች፣ አባቷም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ይህንኑ ተናግሯል። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

በዚያ ዓመት የጥቅምት ዝናብ ሳይመጣ ቀረ። ጥር ላይ ጮጮው በግማሽ መምጣት ጀመረ፣ ከዚያ ሲመጣም ከሥሩ ጥቂት ብቻ የያዘ ሆነ፣ ከዚያ ኦቦ ገልገሎ ባዶ እጁን መጥቶ ደጃችን ላይ ቁጭ ብሎ ሰላምታ ብቻ እየሰጠ መሄድ ጀመረ። እናቴ አላባረረችውም፤ ግን ራት ላይ እንጀራ ስታወጣ ወደ ጡሜ ትሪ እያየች በረጅሙ መተንፈስ ጀመረች። ጡሜ ያን ትንፋሽ ትሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳትጠግብ እጇን መታጠብ ለመደች።

የካቲት ውስጥ በአንዱ የገበያ ቀን ኦቦ ገልገሎ ዲምቱን እየነዳ መጣ። ዲምቱ ማለት በኦሮምኛ ቀይዋ ማለት ነው፤ ጡሜ ከጥጃነቷ ጀምራ ያሳደገቻት፣ ቀይ ሆና በግራ ትከሻዋ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ላም ነበረች። ጥጃዋ በድርቁ ሞቶባታል፣ አጥንቷ ይቆጠር ነበር፣ ግን ገና አንድ ኩባያ የሚያህል ወተት ትሰጥ ነበር። ከብት ተራው ውስጥ ወንዶቹ እጃቸውን በፎጣ ሸፍነው፣ ዋጋውን ሌላ ሰው እንዳይሰማ በጣት እየተነካኩ ነበር የሚገበያዩት። የኦቦ ገልገሎን እጅ የነካው ሁሉ ለዕርድ የሚፈልግ ነጋዴ ነበር፤ እሱም እጁን ከፎጣው ሥር እየመዘዘ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

እናቴ ፎጣ አላስፈለጋትም። በጠራ ኦሮምኛዋ ሰላም ብላው፣ ስለ ከብቶቹ አንድ በአንድ ጠይቃ፣ አዝናለት፣ ከዚያ ሐሳቧን ነገረችው። ላሟን እኛ ግቢ አስገብታ ከወፍጮ ቤት በምታመጣው ፉርሽካ ትቀልባታለች፣ ጡሜ ታልባታለች፣ ጡሜ ትጠጣዋለች፣ ልጅቷም ትምህርቷን እስክትጨርስ ስለ ቀለቧ የሚያነሳ የለም። ለዚህ ሁሉ ታዲያ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ነበረበት፤ ነጋዴዎቹ ከጠሩት በታች ዝቅ። ኦቦ ገልገሎ ላሟን አየ፣ ጡሜን አየ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ትታረዳለች ወይ?

እናቴ እጇን አናቴ ላይ ጫነች።

«ኦቦ ገልገሎ፣ ይቺ ልጄ ትሙት፣ አትታረድም።»

ገመዱን ሰጣት። ጡሜ እስከ ቤት ድረስ የላሟን አንገት ይዛ እየዘለለች ሄደች። እናቴ ከኋላ እኔን ጠጋ ብላ፣ «በፍየል ዋጋ እኮ ነው ላም የገዛሁት» አለችኝና እስከ ደጃችን ድረስ ብቻዋን ሳቀች። የእናቴ ሳቅ ሲያስጠላኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ለምን እንዳስጠላኝ ግን ገና አላወቅኩም።

ሁዳዴ ገባ። እኛ ስንጾም ጡሜ ብቻዋን ኩባያዋን ይዛ ግድግዳ ጥግ ቁጭ ትል ነበር። ዲምቱ ፉርሽካውን፣ የጎረቤት ጠላ አተላውን፣ የገበያ ጎመን ቅጠሉን እየበላች ጎኗ ሞላ፤ ወተቷ ግን እያነሰ ሄዶ ደብረ ዘይት ሳይደርስ ነጠፈ። የበልጉ ዝናብ በደህና ጀመረ፣ የነገሌ ቀይ አፈር ጫማችን ላይ መጣበቅ ጀመረ፣ ሣር ብቅ ማለት ጀመረ። ከድርቁ የተረፈው ከብት ግን ገና ከሲታ ነበር፤ በሰፈራችን የሚታረድ የሰባ ከብት አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ያለው እኛ ግቢ ውስጥ ነበር። ጎረቤቶች ለፋሲካ ቅርጫ ተነጋግረው እናቴ ዘንድ መጡ። አላንገራገረችም፤ ቆዳው፣ ምላሱና ጨጓራው ከነድርሻዋ የእሷ እንዲሆን ብቻ ተከራከረች።

ሐሙስ ዕለት ሽንኩርት እያስከተፈችኝ ነገረችኝ። ላሟ ቅዳሜ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ትታረዳለች፤ ለጡሜ ሣር ወዳለበት ዘመድ ዘንድ ተልካለች ይባላል። አፌ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ በእኔ ሞት ምለሽ የለም ወይ? ሽንኩርቱን እያየሁ ደጋግሜ አልኩት፣ ከንፈሬን ግን አላለፈም። ያን ቀን ገበያ ነበር። የሊበን ሰዎች ሱቃችን በር ላይ ቆመው ዱቄት ሲያስመዝኑ ነበር፤ ኦቦ ገልገሎን ድረስ በሉት ብላቸው እስከ ማታ ይሰማ ነበር። ጡሜ ራሷ ሁለት ሌሊት ሙሉ አጠገቤ ተኝታለች። ቅዳሜ እናቴ ሁለታችንንም ረጅም ሰልፍ ወዳለበት ወፍጮ ቤት ላከችን፤ ስንመለስ የዲምቱ ካስማ ባዶ ነበር። ጡሜ፣ ላሟ ሣር ወዳለበት መሄዷን ስትሰማ ደስ አላት።

ከቅርጫው በኋላ፣ በፋሲካ ጠዋት፣ ያ ጮማ ድስቱ ላይ ጮኸ። ዱለቱ፣ ጥብሱ፣ ምላስ ሰንበሩ ቀረበ። እናቴ ሃምሳ አምስት ቀን የጠበቀችውን ስትበላ ማየት የሚያስቀና ነገር ነበር፤ እያላበች፣ እየሳቀች፣ ጣቷን እየላሰች፣ ለሁላችንም እያጎረሰች። ጡሜን ከሁላችንም አብልጣ አጎረሰቻት።

«ብዪ ልጄ፣ ብዪ፣ ድርቁ ይልቀቅሽ።»

ጡሜም በላች። ወራት ሙሉ ሳትጠግብ የምትነሳ ልጅ ነበረችና አንገቷን ደፍታ እስኪበቃት በላች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ለምን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። ሆዴን አሞኛል አልኳት።

ኦቦ ገልገሎ የመጣው ያኔ ነው። እንኳን አደረሳችሁ ሊለንና ዲምቱን ሊያይ ጎሕ ሳይቀድ ከገጠር ተነስቶ፣ በቀኝ እጁ አንድ ጭብጥ ለምለም ሣር ይዞ ነበር የመጣው። ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ግን በጎረቤታችን አጥር ሥር ነው የሚያልፈው፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ደግሞ ቆዳው በችካል ተወጥሮ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቀይ ነው፣ በግራ ትከሻው ላይ ነጭ ምልክት አለው። ደጃችን ላይ ሲቆም ሰላምታም አልሰጠ። እናቴ ብድግ ብላ አንቱ እያለች፣ ግቡ እያለች፣ መቀመጫ እየጠረገች ትለፈልፍ ነበር። እሱ የሚያየው የልጁን በቅባት ያበራ ከንፈር ነበር።

«በላሽ?» አላት በኦሮምኛ።

«አዎ አባ፣ በላሁ» አለችው፣ ደስ ብሏት።

ሣሩን ደፉ ላይ አስቀመጠና ዕቃዋን እንድታነሳ ነገራት። እናቴ ያኔም መለፍለፏን አላቆመችም፤ ላሟ ነጥፋ ነበር፣ የማትታለብ ላም ምን ትደረጋለች፣ ልጁንም ከራሷ ልጅ አላሳነሰቻትም፣ አሁንም ትኑር። ያለችው ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጡሜ በእናቴ ንግግር መሃል ነገሩን ተረዳች። ወጥታ ከጀሪካኑ ውሃ እያፈሰሰች እጇን ታጠበች፣ ሳሙና ጨምራ እንደገና ታጠበች፣ አፏን ተጉመጠመጠች፣ እንደገና ታጠበች። ልብሷን በፌስታል ስትይዝ ደብተሮቿን ፍራሹ ላይ ተወቻቸው። በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች።

«ታውቂ ነበር?»

አልመለስኩላትም። ሁሌም ስለ እኔ የምትመልሰው እሷ ነበረች፣ ያን ቀንም መልሱን ከዝምታዬ ራሷ ወሰደችው።

ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ከሊበን የሚመጡትን ስጠይቅ፣ ከብት ትጠብቃለች አሉኝ፣ በኋላ ተድራለች አሉኝ፣ ከዚያ ሰፈሩ ራሱ ውሃ ፍለጋ ወደ ያቤሎ በኩል ተነስቷል አሉኝ። እኔ ሚኒስትሪ ያለ እሷ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ፣ ግን ሱቁ ሰው ስለሚያስፈልገው እናቴ ይበቃሻል አለችኝና በቃኝ። በዚያ ፋሲካ ዕለት ማልቀሴን ስታይ ግን ያለችኝን አልረሳም፤ ለላም ነው ወይ የምታለቅሺው ብላ፣ የተረፈውን ምላስ በሳህን ከድና አስቀመጠችው፣ ከሰዓት በኋላ አውጥታ በላችው።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ሪህ ይዟት ሐኪም ሥጋና ቅባት ከልክሏታል፣ ምግቧን የምሠራላት እኔ ነኝ። መብላቱን ብትከለከልም ማውራቱን ግን አልተወችም፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር እንግዶች ፊት፣ በፍየል ዋጋ ላም ገዝታ ሰፈሩን ሁሉ እንዴት እንዳበላች ትተርካለች፣ እንግዶቹም ይስቃሉ። በታሪኩ ውስጥ ጡሜ የለችም፣ እኔም የለሁም። ባለፈው ፋሲካ ወጥ እየጨለፍኩ ሳለሁ ጀመረችው። ፍየሉ ጋ ስትደርስ ጭልፋውን አስቀመጥኩ።

«የጡሜ ላም ነበረች» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እንደማታርጃት በእኔ ሞት ምለሽ ነበር።»

ሳቁ ተቋረጠ። እናቴ አልተቆጣችም፣ አላፈረችም፤ አንድ የማላስታውሰውን ነገር እንደሚያስታውሰኝ ሰው ረጋ ብላ አየችኝ።

«እሷም በልታለች እኮ» አለችኝ።

እንግዶቹ ወሬ ቀየሩ፣ እኔም ጭልፋውን መልሼ አነሳሁ። አሁን መናገር እችላለሁ፤ ገበያ ላይ እከራከራለሁ፣ ስሜን ለጠየቀኝ እመልሳለሁ፣ እናቴንም በሰው ፊት መመለስ ችያለሁ። ግን ያኔ ሱቁ በር ላይ ለቆሙት የሊበን ሰዎች አንድ ቃል ብነግራቸው ኖሮ ጡሜን ከነደብተሯ ያቆያት ነበር፤ የባለፈው ፋሲካ ንግግሬ የጥቂት ሰዎችን ምሳ ከማቀዝቀዝ በቀር የሠራው ነገር የለም።