ዝናብ የመታው ገብስ

ክረምቱ ሲገባ ልጄ ስልኳ ላይ ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት እያጠናች ድንገት «አባዬ፣ ኦብስቲኔት ምንድን ነው?» ብትለኝ፣ አፌ እኔን ሳያስፈቅድ «ዝናብ የመታው ገብስ» ብሎ መለሰ። እሷ ስልኩ «ግትር» ይላል ብላ ስትንከተከት፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የአባቴን መቋሚያ በር ላይ ያየሁ መስሎኝ ብድግ አልኩ።

አባቴ ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አይለዩም፤ ግን ትምህርት ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደገም ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ንፋስ መውጫ ስምንተኛ ክፍል ስገባ በቀን ሃያ ቃል ከነፍቺው በአማርኛ ፊደል ጽፌ እንዳሳያቸው፣ ሲነጋም ያለፈውን ሁሉ ጨምሬ ፊታቸው ቆሜ በቃሌ እንድወጣው አዘዙ። ደብተሩን አንዴ ካዩት አይደግሙትም፤ ሃያውም ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ ተቆልፎበታል።

አንድ ቀን ኳስ ስራገጥ ውዬ ብመለስ የትምህርት ቤቱ ብቸኛ መዝገበ ቃላት ተቆልፎበታል። የአሥራ ዘጠኙን ፍቺ ከጓደኛዬ ለመንኩ፤ የአንዱ ጠፋ። መንገድ ላይ ዝናብ ያስተኛውን የጎረቤት ገብስ አየሁና እሱኑ ጻፍኩ። በማግስቱ እንዳላርም፣ ትናንት እንዲህ አልነበረም ሊሉ ነው፤ «በቀለም የዋሸ ደጄን አይረግጥም» ብለው ደግሞ አንድ ተማሪያቸውን አባረዋል። እናም በየጠዋቱ እዚያች ቃል ላይ ስደርስ የልቤን ድለቃ ደብረ ታቦር ድረስ ሰው ይሰማዋል።

ከዚያ የእንግሊዝኛ መምህራችን ለማርያም ዝክር ቤታችን መጣ። አባቴ ጠላውን ሳያስጨርሱት እኔን አስነሥተው ቃላቱን በቃሌ አስወጡኝ። ዝናብ የመታው ገብስ ላይ ስደርስ መምህሩ ዋንጫውን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ምነው መምህር፣ ሳተ እንዴ?» አሉ አባቴ።

መምህሩ እኔን አየኝ። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

«የለም የኔታ፤ እኔ ነኝ የረሳሁት» አለ መምህሩ።

«ቀለም ካልደገሙት ይሸሻል» ብለው መከሩት።

ሰኞ መምህሩ ጠርቶ «አንተው ንገራቸው» አለኝ፤ ነገ ነገ ስል አባቴ አረፉ። እስከዚያው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ማሳ ዳር ቆመው፣ የተኛውን ሰብል በመቋሚያቸው እያሳዩ በሐዘን «ኦብስቲኔት» ይሉኝ ነበር። በዓለም ላይ ቃሉን በዚያ ፍቺ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን።

ዘንድሮም በነሐሴ ገብሱ ተኛ። ማሳው ዳር ቆሜ ቃሉን ጮክ ብዬ አልኩት፤ ልጄ ግትሩ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።