ያልተበላው የፋጡማ ሠርግ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ ሦስት ቀን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ማቀዝቀዣዬን ስከፍት ከቅርጫ የደረሰኝ ሥጋ ሸትቶ ጠበቀኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ በላስቲክ ጠቅልሎ ይጥልና ዕቃውን በሳሙና ፈግፍጎ ይገላገላል፤ እኔ ግን ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ አስመለሰኝ፣ ደግሞ አስመለሰኝ። ልጅነታችሁን ስታስቡ የእሸትና የአደይ አበባ ሽታ የሚመጣላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። እኔ ቡሬን ሳስብ፣ ያደግሁበትን ግቢ ሳስብ፣ የሚመጣብኝ ይኸው የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ነው።

ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሳሌህ ሱቅ ነበረ። ሳሌህ ገና ጎረምሳ ሳለ ከየመን ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ በምን እግሩ ቡሬ ድረስ እንደዘለቀ ለማንም ያልገባ ሰው ነው። ሱቁ ሲገቡበት ላምባና ተምር፣ አዲስ አቡጀዲና ሳሙና ተቀላቅሎ ይሸታል፤ ባለቤቱ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ የቅዳሜ ገበያተኛውን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ የገበሬውን በሬ ሳይቀር በስሙ እየጠራ «ዳልቻ ተሻለው?» ብሎ ይጠይቃል። ሴቱንም ወንዱንም፣ ቄሱንም ሕፃኑንም «አንተ» ነበር የሚለው። ቡሬ በዚህ ትስቅበት ነበር። ለሽማግሌ ሁሉ አንቱ በሚባልበት አገር ሳሌህን ግን እንደ እኔ ያለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳ «አንተ ሳሌህ» ነበር የምትለው፤ ታዲያ አንቱ ማለትን ከየት ይማረው? እኔ ራሴ ይኸው እስከ ዛሬ «እሱ» እያልሁ እጽፋለሁ፤ ምላሴ ያደገው እንደዚያ ነው።

ቤታችን ሲመጣ ውኃ የሚጠጣበት ጣሳ ነበረው። ጣሳው ቤት አይገባም፤ ከአጥሩ ችካል ላይ ተሰቅሎ ዝናብም አቧራም ይጠጣል። እማየ ደግ ሴት ነበረች፣ ጎረቤት የሚመሰክርላት፤ ግን ውኃውን ከፍ አድርጋ ከእንስራው ታንቆረቁርለታለች እንጂ ጣሳውን በእጇ አትነካውም። እሱም ጠጥቶ፣ ራሱ አለቅልቆ፣ ራሱ ችካሉ ላይ መልሶ ይሰቅለዋል፤ አመስግኖም ይሄዳል። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ደንብ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ጣሳ በልቤ ውስጥ ይዝጋል።

አንድ ልጅ ብቻ ነበረችው፣ ፋጡማ የምትባል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ደፍ ላይ ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። ታናሽ እህት ስላልነበራት እኔን እህቷ አደረገችኝ፤ ስትሠራኝ ሳትጎትት፣ ቅማሌንም ሳትጸየፍ፣ አባቷ የነገራትን የባሕር ወሬ ታወራልኛለች። ዳር የሌለው ውኃ መኖሩን፣ እሱም ጨው ጨው ማለቱን የሰማሁት ከእሷ ነው፤ አላመንኋትም።

ዳንግላ ያሉ ጨርቅ ነጋዴዎች ፋጡማን ለልጃቸው ጠይቀው፣ ቀኑ ለጥር ሲቆረጥ፣ ሳሌህ እደጃችን መጥቶ ቆመ። እንግዲህ ይህ ሰው በቡሬ ሠርግና ተዝካር ሁሉ ሃያ አምስት ዓመት ተገኝቷል፤ ሁልጊዜም ከዳሱ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ከፊቱ ዳቦና ማር ይደረግለታል፤ ሥጋችንን አይበላም፣ ሥጋውን አንበላምና።

«ሃያ አምስት ዓመት እናንተ ቤት በላሁ» አላት እማየን። «አሁን ልጄን ስድር አንድ ቀን አንተም የኔን ብላ። ቡሬ የኔን ይብላ። ሌላ አልፈልግም።»

«ምን ገዶን ሳሌህ! እንበላለን እንጅ፤ የፋጡማን ሠርግ ያልበላን የማንን ልንበላ ነው?» አለች እማየ እየሳቀች።

ደንቡን እሱ ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሁለት በሬ ገዛ፤ አንዱን ለሙስሊሞቹ፣ አንዱን ለኛ። ለኛ አዲስ ድስት፣ አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ሰፌድ ገዛ፤ ዳሱ በኛ ግቢ ተጣለ፤ ወጥ ሠሪዎቹ የሰፈራችን ሴቶች፣ አራጁም የደብሩን ዝክር ሁሉ የሚያርዱት አያ ድረስ ሆኑ። ጠላው እንኳ በኛ ጋን ተጠመቀ። እንከን እንዳይገኝበት ያን ያህል የተጨነቀ የሠርግ ደጋሽ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት በሬው ተጠልፎ ከወደቀ በኋላ የአያ ድረስ ካራ እጀታው ተሰበረ። ወደ ቤታቸው ቢላክ ሩቅ ነው፣ በሬው ደግሞ ያጓራል። ሳሌህ ወደ ሱቁ ሮጠና ከመደርደሪያው አዲስ ቢላዋ አመጣ፤ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ፣ ገና ዘይቱ ያልደረቀ። ወረቀቱን እፊቴ ቀደደው፤ «ደብተርህን ሸፍንበት» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። አያ ድረስ ቢላዋውን ተቀብለው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፣ በስመ አብ አሉ፣ አረዱ። እኒህ ሁለት ዓይኖቼ አይተዋል።

ሴቶቹ ዘንድ የሄድሁት ሰው እንዲያዳምጠኝ ስለፈለግሁ ብቻ ነው። ሁሉም የመጀመሪያውን ሥጋ ቁሌት ላይ እየጨመረ በሳቅ በጨዋታ ሲንጫጫ ማንም ልብ አላለኝም። «የአያ ድረስ ካራ ተሰብሮ በሳሌህ ካራ አረዱት» አልሁ። ጭልፋው ቆመ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ ያን ያህል ትልቅ ሰው በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም።

«በሳሌህ ካራ? እሱ በቢስሚላሂ በሚያርድበት?» አለች አንዷ።

አይ፣ አዲስ ነው፣ ከመደርደሪያ ነው የወረደው ማለት ነበረብኝ። ወረቀቱ በእጄ ነበር። እኔ ግን አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። አቅፈው ሳሙኝ፤ «ባትነግሪን ኖሮ ረክሰን ነበር» እያሉ ዳቦ በማር ቀብተው አጎረሱኝ፤ እኔም ዋጥሁት፣ ጣፈጠኝም። አመሻሹ ላይ ቡሬ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። አያ ድረስ ሲጠየቁ ለስማቸው ፈሩና «ካራ አቀበሉኝ፣ አረድሁ፤ ከየት እንደመጣ በምን አውቄ» አሉ። ያን የመሰለ ሽማግሌ! ዘይቱ እኮ እጃቸው ላይ ነበር።

እሑድ ማለዳ ሳሌህ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ አዲስ ጥምጥም ጠምጥሞ ግቢያችን ገባ። ሴቶቹ ከምድጃው ርቀው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ቢላዋው አዲስ ነው ብሎ ማለላቸው። «ነጋዴ ለዕቃው ይምላል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ እኔን አየኝና ፊቱ በራ።

«ይህ ልጅ ነበረ! ወረቀቱን እሱ ፊት ነው የቀደድሁት። ጠይቁት!»

ሁሉም ዞሩ። እማየም። ትናንት የሳሙኝ አፎች ሁሉ ይጠብቁኛል፤ እውነቱን ብናገር ያጎረሱኝን ማር የሚያስተፉኝ መሰለኝ።

«አላየሁም» አልሁ።

ሳሌህ አልተቆጣኝም። ሳሌህ ቢቆጣኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ሽታ ባልተሸከምሁት። ትንሽ አየኝ፤ ከዚያ ጥምጥሙን በእጁ ነካ ነካ አድርጎ ወጣ።

ዳሱ ባዶውን ዋለ። በሱቁ ጓሮ ጥቂቶቹ ሙስሊሞች የራሳቸውን በልተው፣ እነሱም ዓይናቸውን ሰብረው፣ ከሰዓት በኋላ ሙሽራይቱን ይዘው ወጡ። መኪናዋ በኛ በር ስታልፍ ፋጡማ ዓይነ ርግቧን ገልጣ ወደ ዳሱ ስትመለከት በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት፤ ባዶ አግዳሚ፣ ባዶ አግዳሚ፣ የተደረደረ ሰሐን። ከዚያ በዓይኗ ሰው ፈለገች፣ የምትፈልገው እኔን ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ተደበቅሁ።

ያ ሥጋ የማንም ሳይሆን ቀረ። ክርስቲያኑ በካራው፣ ሙስሊሙ በአራጁ ምክንያት አይበሉትም። ይጣል ሲባል ሳሌህ እምቢ አለ፤ ከገጠር የጠራኋቸው ሰዎች ነገ ይመጡ ይሆናል አለ፣ ሰኞም ማክሰኞም እንዲሁ አለ። በጥር ፀሐይ ወጡ ኮመጠጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ የተንጠለጠለው ብልት አረንጓዴ አወጣ፤ ዝንቡ ድስቱን አጥቁሮት ክዳኑ ሲነሳ እንደ ጢስ ይነሳል፣ ትሉም በክዳኑ ጠርዝ እየወጣ ይረግፋል። ረቡዕ ዕለት ብቻውን ጉድጓድ ቆፍሮ በአካፋ እየዛቀ ቀበረው። በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ጫፍ ይዘው፣ ኧረ ምን ሸተተ እየተባባሉ፣ ከሱቁ ስኳር ሲገዙ አይቻለሁ። ስኳሩን የተጸየፈው ማንም አልነበረም። እሱም እየመዘነ ሰጣቸው።

ክረምቱ ሳይገባ ሱቁን ዘጋ። ዳንግላ ልጁ ዘንድ ሄደ ተባለ፤ ኋላም አገሩ ገባ ተባለ፤ ፋጡማንም ያየ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አሁን በዚያ ቦታ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ ሻጩ ቀና ብሎ የገዢውን ፊት እንኳ አያይም። ቡሬ ሰፍታለች፣ ፎቅ ሠርታለች፤ በሬያችንን በስሙ የሚጠይቀን አንድ ሰው ግን ነበረን፣ እሱንም ኧረ ምን ሸተተ እያልን አባረርነው።

እኔ ለማንም ሳልናገር አደግሁ። ላገባ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ከንስሐ አባታችን ከቄስ ታምሬ እግር ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ ወረቀቱን፣ ማሩን፣ አላየሁም ማለቴን።

«አዲስ ካራ ምን ያረክሳል ልጀ» አሉ። «አሮጌም ቢሆን ታጥቦ በስመ አብ ተብሎበታል። ይህን እኔ ያን ዕለትም አውቀው ነበር። ጋቢየን ለብሸ፣ መስቀሌን ይዠ፣ እስከ ቀትር እደጄ ተቀምጨ ነበር። አንድ ሰው ቀድሞኝ ዳሱ ሲገባ ባይ እከተል ነበር። ማንም አልገባ፤ እኔም ተመልሸ ወደ ቤቴ ገባሁ።»

ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመው አርባ ስግደት አዘዙኝ። ለራሳቸው ስንት እንዳዘዙ አላውቅም። እኔ አርባውንም ሰገድሁ፤ በሳምንቱም ሠርጌ ተደገሰ፣ ቡሬም ግልብጥ ብላ መጥታ በላችልኝ። የፋጡማ ሠርግ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።