በኦርጋኑ ሆድ ያገኘሁት ቀይ ቆዳ

ባለቤቴ ተሾመ አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም እያልኩ ለለቀስተኛው ሁሉ ስናገር ከርሜአለሁ።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ሰበታ ካለው አሮጌ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ተደወለልኝ። አናጺው ተሾመ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጋግነው የኖረው ባለ ቧንቧ ኦርጋን በባለሙያ እየታደሰ ነው፤ የእሱ ሥራ ተነቅሎ ከመጣሉ በፊት መጥቼ እንዳየው ነገሩኝ። የእጁ ሥራ ሲጣል ማየት እንደ ሁለተኛ ቀብር ሆኖ ታየኝ። ቢሆንም ከቡራዩ ተነስቼ ሄድኩ።

ባለሙያው ገመቹ የኦርጋኑን ሆድ ከፍቶ ሥሩ ተንበርክኮ አገኘሁት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ አልማዝ፣ ጣውላውንና ሽቦውን ቀይሬዋለሁ" አለኝ። "አየር የሚሰጠውን ወናፍ ግን አልነካውም። ኦቦ ተሾመ የለጠፉበት ቆዳ ትንሽ አየር እንኳ አያሾልክም። እኔ ካመጣሁት ይሻላል።"

እንባዬ መጣ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አልኩት።

"ግን እንዲህ ያለ ለስላሳ ቆዳ ከየት አገኙት?"

መብራቱን አስጠጋልኝ። ቆዳው ቀይ ነው። ጥጉ ላይ እኔው በክር የጠለፍኩት "አ" ፊደል አለበት።

የሠርጌ ቦርሳ ነው። ከዓመታት በፊት ሱሉልታ እህቴን ጠይቄ ስመለስ ከቁም ሳጥኔ ያጣሁት። ለካ እሑድ እሑድ የምሰማው መዝሙር በእኔ ቦርሳ ሲነፋ ኖሯል፤ ተመስገን።

ያኔ ግን ሌባ ገባ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ተሾመም አብሮኝ ሄዶ ነበር። የቦርሳውን መልክ ለፖሊሱ እስከ ዘለበቱ ድረስ ያስረዳው እሱ ነው።