አመዴ ኮሶ የጠጣች ዕለት

ባለፈው ሰኔ ልጄ ሰላም የድመቷን ኩስ በባዶ የቅቤ ቆርቆሮ፣ ድመቷን ደግሞ በዘንቢል ይዛ «እማ፣ ነይ አጅቢኝ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። «ሰው ሐኪም ቤት ተራ አጥቶ ይውላል፣ አንቺ የድመት ኩስ ልታስመረምሪ ነው?» አልኳት። የእንጅባራ ጭቃ ባጃጁን ወዲያና ወዲህ እያላጋው፣ እኔም መንገዱን ሙሉ እያሾፍኩባት ደረስን።

የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ቆርቆሮውን ከፍቶ ፊቱን ሳያኮማትር አየው። ሰገራ ብዙ ነገር ይናገራል አለን። ጥቁርና የሚያጣብቅ ሲሆን ውስጧ እየደማ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ጠጠር ከደረቀ ውኃ አጥሯታል፤ ከቀጠነ ሆዷን ነክቷታል። ይህን እያለ በስንጥር ጫር ሲያደርገው ነጫጭ፣ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ነገሮች ታዩ። «አይጥ ትይዛለች?» ሲል ጠየቀ።

«እሷ? ሰፈሩን ጨርሳዋለች!» አለች ልጄ።

እኔ ሳቄ ጠፋ። ያንን ሩዝ አውቀዋለሁ። ዳንግላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የአንድ ግቢ ሰው ተሰብስቦ ልክ እንዲህ በስንጥር ሲጭረው አይቻለሁ።

ያን ጊዜ በእኛ በዘንገና በኩል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ዳንግላ ቤት ተከራይቶ መማር ነበር። አባቴ የላከኝ በእናቴ ልመና ነው። «ስንቋ ሲያልቅ ትመለስ። ከተመለሰች ግን ባል አዘጋጅቼላታለሁ» ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ስንቄ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና ድንች ነው። ከእናቴ ጓዳ ተቆንጥሮ የመጣ ስለሆነ አይጥ ከደረሰበት ሌላ የለም። ስለዚህ እናቴ ድመቷን ሰጠችኝ። ቀለሟ አመድ ስለሆነ አመዴ እንላታለን፤ አንድ ጆሮዋ የተተለተለ፣ ቆፍጣና አዳኝ ነበረች። «እሷ ካለች እህልሽ እህል ነው፤ ትማሪያለሽ» አለችኝ እናቴ በአገውኛ፣ ዳንግላ ያደረሰችኝ ዕለት።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ደጃቸው ላይ ቆመው ኖሮ «በሰው ቋንቋ አውሩ እንጂ!» አሉን። እናቴ አንገቷን ደፋች። ኪራዩ የተገኘው በስንት መከራ ነው፤ ምን ትበል?

እትዬ ጥሩወርቅ መልከ መልካም ነበሩ፤ አይካድም። አንገታቸው በንቅሳት የተዋበ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ እንደነጣ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ። ምላሳቸው ግን ሚጥሚጣ ነው። ተከራይ ሲያስለቅሱ ደስ የሚላቸው ሰው ነበሩ፤ ይህን የምለው ቂም ይዤ ነው፣ ቢሆንም እውነት ነው።

አደይ ሲፈነዳ ዶሯቸው ጫጩት ፈለፈለች። ጫጩቶቹም ይጎድሉ ጀመር። እትዬ ጥሩወርቅ ደጄን ደጄን እያዩ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!» ይላሉ። ስወጣም ስገባም ይቺው ናት። አንድ ቅዳሜ አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ አመዴ የምትበላው አይጥ ነው። ጫጩት አትነካም።»

«ምስክር አለሽ?»

«ኩሷን ይዩት። ላባ ከተገኘበት እኔው ራሴ ከቤትዎ ልውጣ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ፈንታ የሚባል ጋሪ ነጂ ከእኔ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። «በሉ ዳኛው እኔ ነኝ!» ብሎ ስንጥር አነሣ። ድመት ኩሷን ቀባሪ ናት፤ ግቢው ውስጥ ካለው ጌሾ ሥር አፈሩን ቆፍሮ አወጣው። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ከበበ። ጋሽ ፈንታ በስንጥሩ ከፈለው፤ አመድማ ጠጉር፣ መርፌ የምታህል አጥንት። ደግሞ ከፈለው። ላባ የለም። «አላልኳችሁም?» አልኩ።

ከዚያ ነጫጮቹ ታዩ። አንዱ እንዲያውም ተንቀሳቀሰ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ኮሶ! ኮሶ ይዟታል! እስቲ ንገሩኝ፣ ኮሶ የሚይዘው ማንን ነው?»

«ጥሬ ሥጋ የበላን» አለ ጋሽ ፈንታ።

«ተባረክ! በዚህ ግቢ ከፋሲካ ወዲህ በሬ ታርዷል? አልታረደም። ታዲያ ይቺ የማንን ጥሬ ሥጋ በላች? የእኔን ጫጩት!»

ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። በእኛ አገር ኮሶ ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ የማያውቅ ማን አለ? እንጅባራን ራሷን ድሮ ኮሶበር ነበር የምንላት። ሰው ቁርጥ ይበላል፣ ኮሶ ይይዘዋል፣ የኮሶ አበባ ተወቅጦ ተበጥብጦ በባዶ ሆዱ ይጠጣል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይድናል። ነገሩ ያለቀለት ነው። «ይሄ ጠጉርስ?» ብል፣ «የራሷን ልሳ ነው» አሉና ሳቁብኝ።

«እንግዲህ ምረጪ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ወይ ኮሶዋን ትጠጣለች፣ ወይ አንቺም እሷም ከነስንቃችሁ ትወጣላችሁ።»

«እትዬ፣ እሱ የሰው መድኃኒት ነው። ትሞትብኛለች!»

«ሰው የጠጣውን ድመት ናቀችው?» ብለው ገቡ። ምርጫ ያሉኝ ለወጉ ነው፤ መልሴን አልጠበቁም። ለአንድ ጎልማሳ የሚበቃ ኮሶ በጥብጠው በጣሳ ይዘው ወጡ። ጋሽ ፈንታ አመዴን በጆንያ ጠቅልሎ አንገቷን ብቻ አወጣ። ልነጥቀው ስል አንዷ ጎረቤት ክንዴን ከኋላ ያዘችኝ። ጮህኩ፤ ጩኸቴም አሳቃቸው። እትዬ ጥሩወርቅ የአመዴን መንጋጋ በጣታቸው ፈልቅቀው አንቆረቆሩባት። አረፋው ባፍንጫዋ ወጣ። ጨመሩላት። «ጠጪ! ጫጩቱ ሲጣፍጥሽ ይሄ መረረሽ?» እያሉ ጣሳውን አሟጠጡት።

ሲለቋት መሮጥ አቃታት። እየተንገዳገደች ገብታ አልጋዬ ሥር ተኛች። ሲያስመልሳት፣ ሲያስቀምጣት ዋለ። ያቺ ኩሷን አፈር ሳታለብስ የማትሄድ ድመት፣ ከተኛችበት ሳትነሣ፣ በአንድ እጇ ወለሉን ጫር ጫር ታደርግ ነበር። መቅበሯ ነው እኮ! ያንን ሳይ ያለቀስኩትን ልቅሶ ለሰው ሞት አላለቀስኩም።

እትዬ ጥሩወርቅ ሲመሽ መጥተው ወለሉን አዩ። ኮሶ የጠጣ ሰው የትሉ ራስ ወጣ አልወጣ ይታይለት የለ? «ራሱ አልወጣም» አሉ። «አትተርፍም። ወለሉን በደንብ እጠቢው» ብለው ሄዱ። ጧት አመዴ ደርቃ አገኘኋት። ከጌሾው ሥር ቀበርኳት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ቡና የሚለቅም እህል የሚያሰጣ ሁሉ እያየ፣ ጭልፊት ከሰማይ ተወርውሮ አንዷን ጫጩት ይዞ ሄደ። ጫጩቷ እየጮኸች ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ አለፈች። እኔ እትዬ ጥሩወርቅን አየኋቸው። «ምን ታፈጫለሽ?» አሉኝና ገቡ።

አይጦቹ አልዘገዩም። በሶውን ቀደዱት፣ ድርቆሹ ላይ ኮሱበት፣ ድንቹን ቦረቦሩት። የገና በዓል ሳይደርስ ከረጢቴን ይዤ ዘንገና ተመለስኩ። አባቴ ቃሉን ጠበቀ፤ ተዳርኩ። አስተማሪ መሆን ነበር ምኞቴ። ይህን የምጽፈው ያቺን የዘጠነኛ ክፍል ግማሽ ይዤ ነው።

እና የእንጅባራው ሐኪም «አይጥ ትይዛለች?» ሲል፣ እኔ «ከጥሬ ሥጋ አይደለም ወይ የሚመጣው?» አልኩት።

«እሱ የሰው ነው፣ እማማ። የድመት ሌላ ነው። አይጥ ስትበላ ወይም ቁንጫ ስትውጥ ነው የሚይዛት።»

አንዲት ክኒን ሰጣት። አንዲት።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ወረድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው አጠገባቸው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ማን መሆኔን ነገርኳቸው። አመዴን አነሣሁባቸው።

«እህ... ያቺ ድመት! አክሜልሽ ነበር እኮ። ዳነች አይደል?»

«ሞተች እትዬ። ጫጩትዎንም አልበላችም። ያ ኮሶ ከአይጥ የሚመጣ ነው፤ ሐኪም ነገረኝ። ኩሷ እውነቱን መስክሮላት ነበር።»

ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሞኝ ነኝ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቁ ነው።

«ኑ ስሙ እናንተ!» አሉ ለልጆቹ። «ይቺ ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ የድመት አር ይዛ ኖራለች!»

ልጆቹ ሳቁ። ያው የድሮው ሳቅ ነው፤ ሳልሰናበት ወጣሁ። ኮሶበር እስክደርስ መልስ ስፈልግላቸው ቆይቼ ያገኘሁት ከረፈደ ነው። ልክ ነዎት እትዬ፣ ይዤው ኖሬያለሁ። ሌላ የምይዘው ምን አስቀሩልኝ?