ከዘፈኑ ሥር የቀረው ምርቃት

ቴሌግራም ላይ መከራከር ሥራ ፈትነት ነው ይባላል። አይደለም። በቪዲዮ ቅንብር ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ከሠራሁት ሁሉ ለሰው በእርግጥ ጠቅሟል የምለው በእልህ የተከራከርኩትን አንድ ክርክር ነው። የቀረው በአብዛኛው ኬክ ቆረጣ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አሠሪዬ ጋሽ ግርማ በመጀመሪያው ቀን ያሳዩኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ካሴቱን ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር የምናስገባበት ገመድ፣ ሁለተኛው የድምፁ መዝጊያ። ካሜራው እንዳለ የቀዳው የሰርግ ጥሬ ድምፅ የጀነሬተር፣ የሰሃንና የሕፃን ጩኸት ብቻ ነው አሉኝ።

«ዝጋውና ዘፈን አልብሰው» አሉ። «ሰርጉን በጆሮው የሚያስታውስ የለም።»

ዘጋሁት። ለዓመታትም እንደዘጋሁ ቆየሁ።

ሌላም ልማድ ነበረን። ባለሰርጎቹ ቪዲዮውን በተረከቡ በሳምንቱ እዚያው ካሴት ላይ የሌላ ሰው ሰርግ ይቀረጽበታል። ካሴት ቀርቶ ሃርድ ዲስክ ሲመጣም ይኸው ልማድ ቀጠለ። ጋሽ ግርማ ሥራ ሲያቆሙ ኮምፒውተራቸውን ይዤ ሩዋንዳ በሚባለው የቦሌ ሰፈር የራሴን ክፍል ከፈትኩ። ልማዳቸውንም ይዤው ሄድኩ።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ «የቆራጮች ሰፈር» ወደሚባለው የአቀናባሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ያስገባኝ ያኔ ነው። ሰፈሩ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረው፤ ጥያቄ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ይሰደባል፣ ቀጥሎ ይረዳል። አንዱ ኮምፒውተሬ ቀጥ አለብኝ ብሎ ሲጽፍ፣ ያንተን ቅንብር ያየ ሁሉ ቀጥ ይላል ተባለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ሦስት ሰዎች መፍትሔውን በፎቶ አስደግፈው ልከውለት ነበር።

የማንከራከርበት ነገር አልነበረም። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ምን ያህል በዝግታ ትውረድ? አንዱ በጣም አዘግይቷት፣ እሷ ወርዳ እስክታበቃ ልጅ ትወልዳለች ተባለ። ሥራውን «የመጨረሻ»፣ ከዚያ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ ከዚያ «አሁንስ የመጨረሻ» እያለ የሚያስቀምጥ ሰው ነበረን። ሁላችንም እንሳለቅበት ነበር፣ ሁላችንም እንደሱ እናደርግ ነበር።

የማያልቀው ክርክር የእኔና የሰይድ ነው። ሰይድ የወሎ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ተቀምጦ ያቀናብራል። ጥሬው ድምፅ መቅረት የለበትም ባይ ነው። ያለ ድምፁ የቀረበ ሰርግ በመስታወት የታየ ምሳ ነው ይል ነበር። እኔ ደግሞ በሱ ቪዲዮ ላይ ከሙሽራው ይልቅ ጀነሬተሩ እንደሚደምቅ እነግረው ነበር። «ጋሽ ዘፈን» የሚል ስም አወጣልኝ። በስሜ የማያውቁኝ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩኝ በዚሁ ነው።

አንድ ቀን እልህ ያዘኝ። በእጄ የነበረው ሥራ ላይ የሙሽራዋ አባት ከሽማግሌዎች መካከል ቆመው ይመርቃሉ። ማይክሮፎኑ ሩቅ ነው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ምርቃቱ በትግርኛ ነው። ትግርኛ አልሰማም። አርባ ሰከንድ ቆርጬ አንዱን ከነድምፁ፣ አንዱን ዘፈን አልብሼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩና ከሥሩ «ፍረዱ። ይህን ማጉረምረም ማን ይሰማል?» ብዬ ጻፍኩ።

አብዛኛው ሰው ፈረደልኝ። ሰይድ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ አባትየውን ጠይቀሃል ወይ የሚል። ሳቅንበት። ቪዲዮውን አስረከብኩ፣ በሳምንቱም ዲስኩን ባዶ አደረግሁት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያቺው ሙሽራ ቢሮዬ መጣች። ስሟ ራህዋ ነው። አባቷ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ፎቷቸው ሞልቷል፣ ድምፃቸው ግን የትም የለም። በስልክም ቢሆን ከሁለት ቃል በላይ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ሰርጓ ላይ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሰማው ግን ዘፋኙ ነው።

«ጋሼ፣ ዘፈኑን ያንሱልኝ» አለችኝ።

ዘፈኑ ከላይ የተጣለ ጨርቅ መስሏታል። እንደማይነሳ፣ ጥሬውንም እንዳጠፋሁት ነገርኳት። አልተቆጣችም። ከወንበሩም አልተነሳችም።

ሌላ ማድረግ የምችለው ስላልነበረ ከደመሰስኩት ዲስክ የሰርግ ድምፅ ማውጣት የሚችል አለ ወይ ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ሕጉ ተፈጸመብኝ። ጋሽ ዘፈን ድምፅ ፈለገ፣ ዛሬ በረዶ ይጥላል ተባለ። አንዱ መልእክቴን በፍሬም አሠርቶ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅለው ጻፈ። ልጅቷ ፊት ለፊቴ እንደተቀመጠች፣ የምትፈልገውም የሟች አባቷን ድምፅ እንደሆነ ስጽፍ ፌዙ ቆመ። ከዚያ አንድ ሁለቱ ቁርጡን ነገሩኝ፤ ሌላ ሰርግ በላዩ የተጫነበት ዲስክ አይመለስም።

ሰይድ ዘግይቶ ገባ። አባትየው በትግርኛ ነው ወይ የመረቁት ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ያንን የድሮ ልጥፌን ፈልጎ ከነፌዜ ላከልኝ። ክርክር የተሸነፈ ሰው አይረሳም።

ስክሪኑን ወደ ራህዋ አዞርኩላት። ከክሊፑ ሥር የጻፍኩትንም አነበበች። ክሊፑን ከፈትኩት። ሰሃን ተንኳኳ፣ ጀነሬተሩ አጓራ፣ ከዚያ የአባቷ ድምፅ መጣ። ሦስት ጊዜ ሰማችው። ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ከቤታችሁ እንግዳ አይጥፋ ይላል» አለች። «መጨረሻ ላይ ወደኔ ዞሮ፣ አንቺ ልጄ ብሎ ይጀምራል።»

እዚያ ላይ ክሊፑ ያልቃል።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

«ከዚያ ቆርጬዋለሁ» አልኳት።

ክሊፑን ስልኳ ላይ ጫንኩላት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ማን ይሰማል ብለው ጠይቀው ነበር» አለች። «እኔ እሰማዋለሁ።»

በማግሥቱ ግሩፑ ላይ መሸነፌን ጻፍኩ። ሰይድ ማስረጃውን ያስቀመጥከው አንተው ነህ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከክሊፑ ላይ ጀነሬተሩን እንኳ መቀነስ አቅቶህ ልጅቷን ሸኘሃት ብሎ ሰደበኝ። ቀንሼ ላክሁላት።

ዛሬ የቆራጮች ሰፈር ቀዝቅዟል። የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው፣ የሚሳደብም የለም። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ በትሕትና ይመለስለታል፣ ወይም ጭራሽ አይመለስለትም። ያ ስድብ ይናፍቀኛል።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ አቀናባሪ ያልገባውን ሁሉ ጫጫታ ይለዋል።

አንተም አቀናባሪ ወንድሜ፣ ዲስክህ ሞልቶ ልትሰርዝ ከሆነ እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ። መጀመሪያ ለባለቤቶቹ ደውልና ጥሬውን ስጣቸው።